ሩሲያኛን ከአማርኛ መጀመር፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪ

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ። በዚህ የጽሑፍ ቅጂ የሩሲያኛ ቃላት ሁሉ እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ተጽፈዋል።)



በአገራችን ስለ ሩሲያኛ ሲነገር ንግግሩ ከፑሽኪን ቅድመ አያት ከአብራም ሃኒባል መጀመሩ የተለመደ ነው። ዛሬ ያን በር በአክብሮት አልፌ ወደ ቋንቋው ራሱ ለመግባት አስቤአለሁ። የምናገረው በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱ ሩሲያኛን ከሀ ሁ ስለሚጀምር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ነው።

ይህ ተማሪ ወደ ክፍል የሚገባው ሁለት ቋንቋዎች ይዞ ነው። አንደኛው በጆሮው የተማረው፣ ሕጉን መናገር ባይችልም ሳይሳሳት የሚሠራበት አማርኛ ነው። ሁለተኛው በትምህርት ቤት ለዓመታት በሰንጠረዥ ያጠናው እንግሊዝኛ ነው። ሰዋስው የሚለውን ቃል ሲሰማ ቶሎ የሚታሰበው ሁለተኛው ነው፤ የሚያገኛቸውም የሩሲያኛ መማሪያ መጻሕፍት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተብራሩ ስለሆኑ፣ ማንም ሳያዝዘው «ይህ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» እያለ ይጓዛል። እኔ ይህ መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነው እላለሁ። ሩሲያኛ ከእንግሊዝኛ በሚርቅባቸው ብዙ ቦታዎች ከአማርኛ ጋር ይገጥማል። ዝምድና ስላላቸው አይደለም፤ አንዱ የስላቭ፣ ሌላው የሴም ቋንቋ ነው። መግጠማቸው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ አጋጣሚ ግን ለተማሪ እንደ ዝምድና ያህል ይጠቅማል።

ጉዳዩ የጊዜ ጉዳይ መሆኑን አስቀድሜ ላስረዳ። የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲ በ1960 እ.ኤ.አ. በሞስኮ ተመሥርቶ በተከታዩ ዓመት በፓትሪስ ሉሙምባ ስም ተሰየመ። በዚያና በሌሎችም የሶቪየት ተቋማት ለመማር የሄዱ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በሺዎች የተላኩት፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ያለፉበት አንድ በር አለ፤ እርሱም የመሰናዶ ፋኩልቲ ነው። ተመራቂዎቹ እስከ ዛሬ «ፓድፋክ» እያሉ ያነሡታል። ሥርዓቱ ዛሬም አለ። በሩሲያ ለውጭ አገር ዜጎች በተደነገገው የቋንቋ ፈተና መሠረት የመጀመሪያው ደረጃ 780 ያህል ቃላት፣ ተከታዩ 1,300 ያህል፣ በሩሲያኛ በሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጠየቀው ደረጃ ደግሞ 2,300 ያህል ቃላት ይጠይቃል። የመሰናዶ ተማሪ ይህን ሁሉ የሚሸፍነው በአንድ የትምህርት ዓመት ነው። በመኸር ስሙን መናገር የጀመረ ወጣት በሚቀጥለው መኸር ከሩሲያውያን እኩዮቹ ጎን ተቀምጦ የአናቶሚ ወይም የፊዚክስ ንግግር እየሰማ ማስታወሻ መያዝ ይኖርበታል። በእንዲህ ያለ ዓመት ውስጥ ባልተገባ መንገድ የጠፋ አንድ ወር ዋጋው ከባድ ነው።

በፓድፋክ ሩሲያኛ የሚሰጠው በሩሲያኛ ነው። በአንድ ክፍል ከቬትናም፣ ከኩባ፣ ከሶሪያና ከኢትዮጵያ የመጡ ተማሪዎች ሲቀመጡ መምህሩ በየትኛው አፍ መፍቻ ቋንቋ ሊያብራራ ይችላል? በዚያ ቦታ ዘዴው ትክክል ነበር። እዚህ ግን ክፍሉ በሙሉ አማርኛ የሚሰማ ሆኖ ሳለ፣ መምህሩም አማርኛ እያወቀ፣ ይህን ሀብት ከደጅ አስቀርቶ መግባት ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

ከድምፅ ልጀምር። ፊደሉ ብዙ ጊዜ ሊወስድብን አይገባም። የሩሲያኛ ፊደል 33 ነው፤ በልጅነቱ 231 ሆሄያትን በገበታ ላይ የቆጠረ ሰው በ33 አይደነግጥም። ዋናው ነገር ከፊደሉ በስተጀርባ ያለው ድምፅ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን በእጅጉ የሚያስቸግር አንድ የሩሲያኛ አናባቢ አለ፤ «ነበረ» የሚለው ቃል «ብል» ሲሆን፣ «መታ» የሚለው «ቢል» ነው። በመጀመሪያው ቃል ውስጥ ያለው አናባቢ ከእኛ ሳድስ፣ ከ«እ» ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው መጽሐፍ ምላስን ወደ ኋላ ስለ መሳብ ረዥም ማብራሪያ ይሰጣል፤ የእኛ ተማሪ ያን አንብቦ የሌለበትን ችግር ይማራል። «ብር» ማለት ለሚችል ሰው «ብል» ማለት ምንም አይደለም። ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው በሌላ ነገር ነው፦ የእኛ «እ» አጭር ናት፣ ቃልም አትዘጋም፤ ሩሲያኛ ግን «አንተ»፣ «እኛ»፣ «እናንተ» በሚሉት ቃላት መጨረሻ ላይ ይህንኑ ድምፅ ጎላና ዘለግ አድርጎ ይይዘዋል። መለማመድ ያለብን ይህንን ነው።

የሩሲያኛ ጽሕፈት ጫናው በየትኛው ክፍለ ቃል ላይ እንደሚያርፍ አያሳይም። «ዛመክ» ቢሉት ግንብ ወይም ምሽግ ነው፤ «ዘሞክ» ቢሉት ጓጉንቸር ነው፤ የሁለቱ አጻጻፍ ግን አንድ ነው። እንዲሁም «ሙከ» ሥቃይ፣ «ሙካ» ዱቄት ሲሆን በጽሑፍ አይለዩም። ጫና የሌለበት «ኦ» ወደ «አ» ወይም ወደ «ኧ» ስለሚደክም፣ በሦስት «ኦ» የሚጻፈው የወተት ስም ሲነበብ «መላኮ» ይሆናል። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ እንዴት ይነበባል?» ብለው ያማርራሉ። እኔም «ገና» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ እጽፍላቸዋለሁ። ሲላላ «ገና አልመጣም» ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ ማለት ነው። «ዋና» እንደዚሁ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ እኛም ስናነብ ከዐረፍተ ነገሩ እየተረዳን እናልፋለን። ጽሕፈት የማያሳየውን ነገር በጆሮ ይዞ ማንበብ ለእኛ አዲስ ሥራ አይደለም። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ምክር አንድ ነው፤ አዲስ ቃል ከጫናው ጋር ካልተሰማ እንደ ተማሩት አይቈጠር።

አሁን ይበልጥ ወደምወደው ነገር ልምጣ። የጀማሪ መጻሕፍት የሩሲያኛን ግሥ ካስተዋወቁ በኋላ «አንዳንድ ግሦች ያፈነግጣሉ» ብለው ዝርዝር ይሰጣሉ። «መጻፍ» «ፒሳት» ነው፤ «እጽፋለሁ» ግን «ፒሹ» ይሆናል፤ «ስ» ወደ «ሽ» ተለወጠ። «መፈለግ» «ኻቴት»፣ «እፈልጋለሁ» «ኻቹ»፤ «ት» ወደ «ች»። «ማየት» «ቪዴት»፣ «አያለሁ» «ቪዡ»፤ «ድ» ወደ «ዥ»። «በተሽከርካሪ ማጓጓዝ» «ቫዚት»፣ «አጓጕዛለሁ» «ቫዡ»፤ «ዝ» ወደ «ዥ»። ተማሪው እነዚህን አንድ በአንድ ይሸመድዳል።

እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ። ወንድን «ልበስ» እንላለን፤ ሴትን «ልበሺ»። «ክፈት»፣ «ክፈቺ»። «ውሰድ»፣ «ውሰጂ»። «ያዝ»፣ «ያዢ»። የድርጊት ፈጻሚውን ስም ስናወጣም እንዲሁ ነው፤ የለበሰ «ለባሽ»፣ የከፈተ «ከፋች»፣ የወሰደ «ወሳጅ»፣ ገንዘብ የሚይዝ «ገንዘብ ያዥ»። «ስ» ወደ «ሽ»፣ «ት» ወደ «ች»፣ «ዝ» ወደ «ዥ» መለወጣቸው ከሩሲያኛው ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው «ድ» ብቻ ነው፤ እኛ ዘንድ «ጅ»፣ እነርሱ ዘንድ «ዥ» ይሆናል።

ምክንያቱም ያው ነው። የጥርስ ድምፆች «ኢ» ወይም «ይ» ሲከተላቸው ምላስ ወደ ላንቃ ይሳባል፣ ድምፁም ላንቃዊ ይሆናል። «ሰባሪ» በሚለው ቃል «ኢ» እስከ ዛሬ ይሰማል፤ «ር» አልተለወጠምና። በ«ለባሽ» ግን «ኢ» ከ«ስ» ጋር ተዋሕዶ ጠፍቶ «ሽ»ን ትቶልናል። በሩሲያኛም «ፒሹ» በሚለው ቃል ውስጥ በጥንት ዘመን «ይ» ነበረ፤ «ስ»ን ለውጦ ራሱ ጠፋ። የከንፈር ድምፆች በሁለቱም ቋንቋዎች የተለየ ዕድል አላቸው። አማርኛ «አንብብ» ብሎ «አንብቢ» ሲል «ብ»ን አይነካውም፤ ሩሲያኛም «ብ»ን አይለውጠውም፤ ነገር ግን አንድ «ል» ይጨምርበታል፤ «ማፍቀር» «ልዩቢት»፣ «አፈቅራለሁ» «ልዩብልዩ»። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ «አፈንጋጭ» የተባሉትን ግሦች በዝርዝር ከመሸምደዱ በፊት ለራሱ «ልበሺ፣ ክፈቺ፣ ያዢ» ቢል ግማሽ መንገድ ሄዷል።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ላክል። በየክፍላችን አፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሆነ ተማሪዎች አሉ። ትግርኛ ለሴት «ክፈቲ» ይላል እንጂ «ክፈቺ» አይልም፤ የትግርኛው ተናጋሪ ይህን መሰላል የሚያገኘው በአማርኛው በኩል ነው። የእያንዳንዱ ቋንቋ ንጽጽር ለየብቻው መሠራት አለበት፤ እኔ የምናገረው ስለማውቀው ነው።

አማርኛ ወደ ስሕተት የሚስብበትም ቦታ አለ። ሩሲያኛ ጠጣር «ት» እና ለስላሳ «ት» አለው። ወንድም «ብራት» ነው፤ መውሰድም «ብራት» ነው፤ በፊደላችን ልለያቸው አልቻልሁም፤ ችግሩም ይኸው ነው። የሁለተኛው መጨረሻ ለስላሳ ነው። አማርኛ «ት»ን ካለሰለሰ እስከ «ች» ድረስ ይሄዳልና፣ ምላሳችን መካከል ላይ መቆም አልለመደም። እንግዲህ ቅድም የረዳን ልማድ እዚህ ያሰናክለናል። ለዚህ መድኃኒቱ ማዳመጥና መድገም ነው፤ ከመምህር ጋር ሆኖ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ሳይሰለቹ።

ወደ ዐረፍተ ነገር ልለፍ። «መጽሐፍ አለኝ» ለማለት ሩሲያኛ «ኡ ሚኛ ዬስት ክኒጋ» ይላል፤ ቃል በቃል «እኔ ዘንድ መጽሐፍ አለ» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ተማሪ ባለቤቱን «እኔ» አድርጎ የሚገዛ ግሥ ይፈልጋል፤ በዕለት ንግግር ያን ቦታ የሚይዝ የለም። በአማርኛ በኩል የመጣው ግን ባለቤቱ መጽሐፉ መሆኑን በደሙ ያውቀዋል፤ «መጽሐፍ አለኝ፣ እኅት አለችኝ» እያለ ግሡን ከእኅቱ ጋር ሲያስማማ ኖሯልና። ስሜትን በመናገርም እንዲሁ ነው። «በረደኝ» «ምኔ ኾለድነ»፣ «ሞቀኝ» «ምኔ ዣርከ»፣ «ሰለቸኝ» «ምኔ ስኩሽነ» ነው። ብርዱ፣ ሙቀቱ፣ መሰልቸቱ ወደ ሰው ይመጣል፤ ሰውየው አድራጊ አይደለም። በ«ምኔ» ፈንታ «ኝ»ን ማሰብ ነው። «ራሴን አመመኝ» የሚል ሕዝብ «ኡ ሚኛ ባሊት ገላቫ» ለማለት ብዙ አይቸገርም።

ተማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው የስም መጨረሻ በስድስት አገባብ መለዋወጡ ነው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ የነገሩ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በአማርኛ «ጠረጴዛ አየሁ» ይባላል፤ «ጠረጴዛውን አየሁ»ም ይባላል። «ን» የምትገባው ተሳቢው የታወቀ ሲሆን ነው። ሩሲያኛም በወንዴ ስሞች ላይ ተሳቢን አንዳንዴ ምልክት ያደርግበታል፣ አንዳንዴ ይተወዋል፤ መለኪያው ግን ሕይወት ነው። «ያ ቪዡ ስቶል»፣ ጠረጴዛ አያለሁ፤ ጠረጴዛው ሕይወት የለውምና ምንም አልተጨመረበትም። «ያ ቪዡ ስቱዴንታ»፣ ተማሪ አያለሁ፤ ተማሪው ሕይወት አለውና መጨረሻው ተለወጠ። በ«አ» የሚያልቁ የሴቴ ስሞች ይህን ልዩነት ሳያዩ ሁልጊዜ «ኡ» ይይዛሉ፤ «ክኒጋ» «ክኒጉ» ይሆናል። «እዚህ ቦታ ላይ አማርኛ ን ያስገባ ነበርን? ሩሲያኛስ ለምን ሌላ መለኪያ መረጠ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሰንጠረዡን በማስተዋል ያነብበዋል።

ስለ ስም ካነሣሁ፣ ሩሲያውያን መምህራቸውን የሚጠሩት በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ «ኢቫን ፔትሮቪች» ማለት ኢቫን የፔትር ልጅ ማለት ነው። ከአባት ስም ጋር መጠራት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሚሆነው የእነርሱ ስም ከዚህ ሌላ የቤተሰብ ስም መጨመሩ ነው። «አንተ» እና «እርስዎ»ን የሚለዩበትም ሥርዓት ይታወቀናል፤ በአክብሮት ሲናገሩ ግሡን በብዙ ቍጥር ያደርጉታል፤ «እሳቸው መጡ» እንደምንለው ነው።

የቀረው የግሥ ነገር ነው፤ በእኔ አስተያየት የጀማሪው ትክክለኛ ፈተና እዚህ ነው። አብዛኛው የሩሲያኛ ግሥ ጥንድ ነው። «ፒሳል» የመጻፉን ሥራ ይናገራል፤ «ነፒሳል» ተጽፎ ማለቁን። በእንግሊዝኛ የጊዜ ሰንጠረዥ ይህን ለመተርጐም የሚሞክር ተማሪ ይጠፋል፤ ጥያቄው የጊዜ አይደለምና። አማርኛ ለሁለቱ የተለያየ ግሥ ባይኖረውም የተለያየ አነጋገር አለው። ሩሲያዊ ስለ አንድ ልብ ወለድ «ቺታሊ?» ብሎ ሲጠይቅ «አንብበው ያውቃሉ?» ማለቱ ነው፤ «ፕራቺታሊ?» ሲል «አንብበው ጨረሱ?» ማለቱ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ፣ ግማሹን» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ለሁለተኛው አይቻልም።

የመሄድ ግሦችም እንዲሁ። «ሱቅ ሄዷል» ብንል ሰውየው እዚህ የለም፤ ሩሲያኛው «ፓሾል» ይላል። «ሱቅ ሄዶ መጣ» ብንል ግን ተመልሷል፤ ሩሲያኛው በአንድ ቃል «ኻዲል» ይላል። ደርሶ መልስ የሆነውን ጉዞ ሩሲያኛ በግሡ ምርጫ ይናገረዋል፤ አማርኛ «ሄዶ» የሚለውን ቦዝ አንቀጽ አስቀድሞ በሁለት ግሦች ይናገረዋል። ልዩነቱን ማየት ግን ሁለቱም ያውቁበታል። አማርኛ ጨርሶ የማይረዳን ሌላ ቦታ ነው። እኛ ባሕር ዳር በእግርም በአውቶቡስም «እንሄዳለን»። ሩሲያኛ በእግር ለሚሄድ «ኢዱ»፣ በተሽከርካሪ ለሚሄድ «ዬዱ» ማለትን ግድ ይላል፤ አፉን ከመክፈቱ በፊት ተናጋሪው በምን እንደሚሄድ መወሰን አለበት። ይህን በማብራሪያ ማስገባት አይቻልም፤ በልምምድ ብቻ ይገባል።

ለዚህ ሥራ መሣሪያ አጥተን አይደለም። ኒኮላይ ዩሽማኖቭ የአማርኛን አወቃቀር የሚያብራራ መጽሐፍ በሩሲያኛ ያሳተመው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። የጋንኪን የሩሲያኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት በ1965፣ የአማርኛ–ሩሲያኛው ደግሞ በ1969 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። እነዚህ በዋነኛነት አማርኛን ለሚማር ወይም ለሚተረጕም ሩሲያዊ የታሰቡ ናቸው፤ እኛ ግን ከዚህኛው ዳር ሆነን ልንገለገልባቸው እንችላለን።

እኔ ከጀማሪዎች ጋር የምሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ደብተር ይይዛል፤ አዲስ ግሥ በገባ ቍጥር ጥንዱን ጽፎ ከጎኑ አንድ ሙሉ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጣል። ነጠላ ቃል አልቀበልም። «ፓሾል፦ መሄድ» ብሎ የጻፈውን አስፍቼ እመልሰዋለሁ፤ «ወንድሜ ሱቅ ሄዷል፣ እስካሁን አልተመለሰም» ብሎ የጻፈውን አልፈዋለሁ። በእግርና በተሽከርካሪ ለሚለየው ግን የደብተሩን አንድ ገጽ በሙሉ ባዶ እንተዋለን፤ ተማሪው ከቤቱ እስከ ክፍሉ የመጣበትን መንገድ በየቀኑ በሩሲያኛ እየጻፈ ይሞላዋል፤ ታክሲ የያዘበትን፣ ወርዶ የተራመደበትን፣ እንደገና የተሳፈረበትን። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ገጹ ሞልቶ ወደ ሌላ ያልፋሉ።

የቀረውን ሰዓት ለጥያቄዎቻችሁ እተዋለሁ።